የባለዘሩ በርሜል

የባለዘሩ ሚስት እጇን ከጥቁሩ ሹራቧ ሥር አስገብታ ሆዷን ዳበሰች። ከጧት ጀምሮ ደጋግማዋለች። ግቢው ውስጥ በተዘረጋው ሸራ ሥር ለቅሶ ደራሹ በፕላስቲክ ወንበር ተደርድሮ ሻይ በቴርሞስ ይዞራል፤ ወንዶቹ ስለ ዝናብ፣ ሴቶቹ ስለ ወንዶቹ ያወራሉ። ከፊት ለፊቷ የተቀመጠችው ጎረቤቷ፣ ከሰው ዓይን ያመለጠ ነገር ሁሉ የማያመልጣት ሴት፣ አፏን በእጇ ከልላ ወደ ጎኗ ዘመም አለች።

«አየሻት? አሁንም ሆዷን ያዘች።»

«ሐዘን እኮ አንጀት ይቆርጣል።»

«የሚቆርጠውስ ላለቀሰ ነው። እሷ ከቀብሩ ወዲህ አንድ ዘለላ እንባ አላወጣችም። በዚህ ዕድሜዋ ሌላ ነገር እንዳይሆን ብቻ።»

ሁለቱም ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑት። የባለዘሩ ሚስት ሰምታለች፤ ጆሮዋ ገና እንደ ድሮው ነው። ሆዷ ላይ የነበረው ግን ሕመምም ሌላ ነገርም አልነበረም። በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ አሥር ፍሬ በቆሎ ነበር፤ ጨርቁን በፌስታል አድርጋ ከቀሚሷ ሥር በገመድ አስራዋለች።

ዘር ሲፈተሽ ሙቀት ይፈልጋል። በየዓመቱ፣ መዝሪያው ሲቃረብ፣ ባሏ ከበርሜሉ አሥር ፍሬ ይቆጥርና በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ይሰጣታል፤ እሷ ደግሞ እስኪጎነቁል ገላዋ ላይ ይዛው ትዞራለች። «ከምድጃ ይልቅ አንቺ ትሻያለሽ» ይላታል። በትዳር ዘመናቸው ከአፉ ከወጣው ሁሉ ለፍቅር የቀረበው ንግግር ይኸው ነበር፤ እሷም ከዚህ የተሻለ ጠብቃ አታውቅም። ጨርቁ ተፈትቶ ፍሬዎቹ ነጭ ሥራቸውን አውጥተው ካልታዩ ከበርሜሉ አንድ እፍኝ ለማንም አይሰጥም። ዘንድሮ ግን መከሩ ገብቶ የዘር ጊዜ ሳይደርስ ልቡ ድንገት ቀጥ አለ። ከቀብሩ ማግሥት እቃ ቤት ገብታ ፍሬውን ራሷ ቆጠረች። ጠርጥራ አይደለም። የመፈተሻው ጊዜ ስለደረሰ፣ እጇም ሥራ ስላጣ ነው።

የሚመጣው ሁሉ «እግዜር ያጽናሽ» ብሎ ይቀመጣል። ሻዩን ፉት ይላል፣ ጉሮሮውን ይጠራርጋል፣ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ወደ ጆሮዋ ይጠጋል።

«ይቅርታ፣ ጊዜው አይደለም። ያቺ የኛ ዘር እንደ ወትሮው አለች አይደል?»

«ጥሩ» ትላለች፤ ምን ማለቷ እንደሆነ ሳይታወቅ።

አልተቀየመቻቸውም። ሰፈሩ ሁሉ የሚዘራው ከእሱ በርሜል ነው። በመከር ጊዜ የወሰዱትን ያህል እህል ይመልሱለታል፣ የዓመቱ ሂሳብ በዚያው ይዘጋል። አንዳንዱ እንዲያውም የሰውየውን እውነተኛ ስም ረስቶት ነበር፤ ሕፃኑም ሽማግሌውም ባለዘሩ ነው የሚለው። ካህን አይሉት ዳኛ፣ ግን በዘር ወራት ከሁለቱም በላይ ይከበር ነበር። እሱም መከበሩን አይጠላም። እንዲያውም ይወዳል፤ በጣም ይወዳል።

ዘር የሚመርጠው በቆሎው ገና ቆሞ ሳለ ነበር። ክምር ላይ ተቀምጦ ትልልቁን ራስ የሚለቅም ገበሬ ካየ «ይሄ ሚስቱንም በፎቶ ነው የመረጣት» ይላል። ትልቅ የሆነው ከጎበዝ ተክል ወጥቶ ይሁን ሰፊ ቦታ አግኝቶ ክምር ላይ አይታወቅማ። ስለዚህ እሱ ማሳው መሃል ይገባል። ዳር ያለውን አይነካም፤ ከጎረቤት በቆሎ ጋር ይዳቀላል። ከግራ ከቀኝ ሌላ ተክል እየተጋፋው ያፈራውን፣ አገዳው ያልተንጋደደውን፣ የሚሸፍነው ቅጠል ጫፉን ጥርቅም አድርጎ የዘጋውን ብቻ ይመርጣል። «አፉን የማይዘጋ በቆሎ ነቀዝ ይገባበታል። ሰውም እንደዚያው ነው» ይልና በዓይኑ ወደ ጎረቤታቸው አጥር ይጠቁማል።

ከሁሉ የሚበልጠው ጥበቡ ግን መንከስ ነበር። ተፈልፍሎ ፀሐይ ላይ ከሰነበተው ዘር አንዲት ፍሬ አንስቶ በመንጋጋው ይሰብራታል። ቋ ካለች ደርቋል፣ በርሜል ይገባል። ካላለች ወደ ፀሐይ ይመለሳል። እርጥበት ያለው ዘር ከታሸገ ታፍኖ ይሞታል፤ ክፋቱ ደግሞ የሞተው ዘር ከላይ ሲያዩት ከደህናው አይለይም።

ገበያው ዳር የምርጥ ዘር ሱቅ ያለውን ሰውዬ «ፓኬት» ብሎ ስም ያወጣለትም እሱ ነው። ስሙ እንደ ሙጫ ተጣብቆ ቀረ። በየዓመቱ ሚስቱን አስከትሎ ወደዚያ ሱቅ ይሄዳል፤ ሊገዛ አይደለም፣ ሊያይና ሊያሾፍ ነው። አንዴ በመድኃኒት የተነከረውን ቀይ ዘር አንስቶ ወደ አፉ ሲሰድ ፓኬት ከመደርደሪያው ኋላ ዘሎ ወጣ።

«ኧረ ጋሼ፣ መርዝ አለው፣ እንዳይነክሱት።»

«እኔ የምነክሰው በጥርሴ ነው፣ አንተ ምን ቤት ነህ» አለና ሰብሮ ተፋው። ሲመሽ ምላሱ ገና ቀይ ነበር፣ ሆዱንም ሲቆርጠው አደረ። ማን ይንገረው? ስህተት የሚባል ነገር በእሱ በኩል አልፎ አያውቅም።

ጨርቁን የፈታችው ለቅሶ ደራሹ ለምሳ ጋብ ሲል ነው። እቃ ቤቱን ዘግታ በመስኮቷ ብርሃን ዘረጋችው። ሁለቱ ፍሬዎች ጎንቁለዋል። የቀሩት ስምንቱ እንደተኙ ናቸው፤ አንዷን በጣቷ ጫን ስትላት ሟሟች። ውሃ አብዝቼበት ይሆናል ብላ አሰበች። ክንዷን እስከ ብብቷ በርሜሉ ውስጥ ሰድዳ ከሥር ሌላ አሥር አወጣች፣ በአዲስ ጨርቅ ጠቀለለች፣ እንደገና አሰረች። በሚቀጥሉት ቀናት እያጽናኑ እጇን የያዙትን ሰዎች እያየች፣ ልቧ ያለው ጨርቋ ዘንድ ነበር። ሁለተኛውን ስትፈታ አንዲት ፍሬ ብቻ በቅላለች። ያን ጊዜ አንገቷን በርሜሉ አፍ ላይ አድርጋ አሸተተች። ጓዳ ውስጥ የተረሳ እርጥብ ጆንያ ይሸታል።

ያልታሰበውን የባሏን ሞት ተቀብላ፣ ሳታለቅስ እንግዳ ስታስተናግድ የሰነበተች ሴት፣ አሁን አንድ በርሜል በቆሎ ፊት መላው ጠፋባት። ዝም ብላ ብታድለው ሰፈሩ ሁሉ ይዘራል፣ ዝናብ ይመጣል፣ ማሳው ባዶ ይሆናል፤ እንደገና ለመዝራት ደግሞ ጊዜው ያልፋል። ዘሩ ሞቷል ብትል ሬሳው ሳይበርድ ስሙን መቅበሯ ነው። ባለዘሩ ዘር አበላሸ ይባላል። ለሌላ ሰው ቀላል ነገር ነው። ለእሱ ግን ከዚህ ስም ሌላ ምን ነበረው?

ልጇ ሻይ ይዛላት ገባች። ከተማ ልብስ የምትሰፋ፣ ጣቷ ላይ የመርፌ ጠባሳ የማይጠፋ፣ እንደ አባቷ ግንባሯን ቋጥራ የምታይ ልጅ ነች።

«እማዬ፣ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? ሰው ይጠይቃል።»

«አባትሽ ባለፈው መከር አንቺ ጋ የመጣ ጊዜ» አለች እናት፣ ጨርቁን ሳትደብቅ፣ «ጉንጩ አብጦ ነበር የተመለሰው። ነፋስ መታኝ ብሎኛል። ምን ሆኖ ነው?»

ልጅቷ ሻዩን መስኮቱ ላይ አስቀመጠች።

«አስምሎኛል።»

«የማለልሽ ሞቷል። ንገሪኝ።»

«መንጋጋዎቹን አስነቀለ። ሁሉንም፣ ከግራም ከቀኝም። በጣም ተበልተው ነበር፣ ሐኪሙ እንዴት እስከዛሬ ቻሉት ነው ያለው። ሰው ሠራሽ ይግቡልህ ስለው ‹ሰፈሩ ይስቅብኝ?› አለኝ። ለእናትሽ ከነገርሽ ልጄ አይደለሽም አለኝ።»

«ለእኔ?»

«በተለይ ለእማዬ ነው ያለኝ።»

እናትየው በርሜሉን ተደግፋ መሬት ላይ ተቀመጠች። አሁን ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ያዘ። ዳቦውን ሻይ ውስጥ እየነከረ የበላበት ሰሞን። ሥጋ ሲቀርብ «ጠግቤያለሁ» ማለቱ። ከዚያ ደግሞ ያቺ ከሰዓት፣ ዘሩ ሸራ ላይ ተሰጥቶ እሷ ጆንያ ስትሰፋ። ጀርባውን ሰጥቷት ቁጢጥ ብሎ ነበር። አንዲት ፍሬ ወደ አፉ ሲሰድ አየች፤ ቋ የሚለውን ግን አልሰማችም። መርፌው ላይ ነበረች፣ ልብ አላለችውም። እሱ ተነሥቶ አቧራውን ከጉልበቱ አራገፈና «ደርቋል፣ ይግባ» አለ፤ ድምፁ እንደ ሁልጊዜው እርግጠኛ ነበር። እሷም በርሜሉን ያዘችለት።

«እኔ እነክስለት ነበር እኮ» አለች። «ያለኝን ጥርስ። ቢነግረኝ ነክሼ እነግረው ነበር፣ ማንም አያውቅም ነበር።»

ልጅቷ እጇን ትከሻዋ ላይ አደረገች። እናት ግን አላለቀሰችም፤ ተናዳለች፣ ከንዴቱ ሥር ደግሞ ናፍቋታል፣ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ስለመጡባት የትኛውን እንደምታስቀድም አላወቀችም። ሻዩን ጠጥታ ወጣች።

ደጅ ላይ የባሏ ታናሽ ወንድም ቆሞ እየተናገረ ነበር። ሲናገር ካፖርቱን የሚቆልፍ፣ ወንድሙን እንደ ታቦት የሚያይ፣ በእሱ ስም ሲምል የኖረ ሰውዬ ነው። አናጢ ስለሆነ ስለ እርሻ የሚያውቀው ወንድሙ የነገረውን ብቻ ነው።

«ወንድሜ ቢሞትም እጁ አልታጠፈም» ይላል። «ዘሩ አለ። ሐዘኑ ሲያበቃ ሁሉም ጆንያውን ይዞ ይምጣ፣ እንደ ወትሮው ይታደላል። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል።»

ሰዉ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። አንዳንዱ ዓይኑን ጠረገ።

«ዘሩ አይታደልም» አለች የባለዘሩ ሚስት።

ለወትሮው በሰው ፊት ብዙ የማትናገር ሴት ናትና ሸራው ሥር ያለው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። ያሰበችበት ነገር አልነበረም። ቃሉ ከወጣ በኋላ ነው የሚከተለውን የፈለገችው።

«ከመሞቱ በፊት ብሎኛል። ዘንድሮ ዝናቡ ይዘገያል፣ የኔ ዘር ደግሞ ረጅም ጊዜ ይፈልጋል፣ ሳይደርስ ፀሐይ ይበላዋል። ቶሎ የሚደርሰውን ዝሩ፣ ከፓኬት ውሰዱ ብሏል።»

ከፓኬት የሚለውን ሲሰሙ አንድ ሽማግሌ ሻዩ ትን አለው። የባለዘሩ ወንድም ፊቱ ቀላ።

«እህቴ፣ ለአንድ አፍታ» አለና በክንዷ ይዞ ወደ እቃ ቤቱ ወሰዳት። በሩ ሳይዘጋ ጀመረ። «መቼ ነው ያለሽ? የመጨረሻ ሳምንቱን በሙሉ አጠገቡ ነበርኩ። ከፓኬት ከሚገዛ ድንጋይ ቢዘራ የሚመርጥ ሰው ነው። ከአፉ ያልወጣውን ቃል በሞተ ማግሥት ታስወጪበታለሽ?»

ጨርቁን ዘረጋችለት። አየ፣ ግን የሚያየው አልገባውም።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«አሥር ነበሩ። አንዷ በቀለች። ከዚህ በፊት ሁለት። ዘሩ ሞቷል።»

«ውሃ አብዝተሽበት ይሆናል።»

«ሠላሳ ዓመት ሆዴ ላይ ስይዝ ኖሬ ዛሬ ነው ውሃ የማበዛው? አሽት።»

ጎንበስ ብሎ በርሜሉን አሸተተ። የአናጢ አፍንጫ ነው፤ ሳይደርቅ የታሸገ እንጨት ምን እንደሚሸት ያውቃል። ቀና ሲል ጊዜ የአንድ ዓመት ዕድሜ የጨመረ መሰለ።

«እሱ እኮ ይነክሳል» አለ ቀስ ብሎ። «ሳይነክስ አያስገባም።»

«መንጋጋ አልነበረውም። አስነቅሎት ነበር። ለማንም አልተናገረም።»

«ለእኔም?»

«ለእኔም።»

ከውጭ የሻይ ብርጭቆ ሲንቀጫቀጭ ይሰማል።

«ማን ያውቃል?» አለ በመጨረሻ።

«ልጃችን፣ እኔ፣ አሁን ደግሞ አንተ። ብትፈልግ ውጣና እውነቱን ተናገር፤ ወንድምህ ነው። አንድ ነገር ግን አይሆንም፤ የዚህን ዘር አንዲት ፍሬ መሬት አታስነካም። ዝናቡ መልካም ከሆነ ቶሎ የሚደርሰው በቆሎ ትንሽ ያነሰ ይሰጣቸዋል፣ እኔን ይርገሙኝ። ይሄ ግን ባዶ ማሳ ነው።»

ካፖርቱን ፈታ፣ መልሶ ቆለፈ። ሲወጣ ልትይዘው እጇን ዘረጋች፣ አልደረሰችበትም። በሩ ላይ ቆማ ሰማችው።

«ልክ ነው» አለ ለሰዎቹ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ። «ለእኔም ብሎኝ ነበር። ሐዘኑ አስረስቶኝ ነው። ቶሎ የሚደርሰውን ዝሩ ብሏል። ከፓኬትም ቢሆን።»

«አይ ባለዘሩ» አለ ሻይ ትን ያለው ሽማግሌ፣ እንባው ሞልቶ። «እየሞተም ለኛ ያስባል።»

ጎረቤትየዋ ብቻ ከመቀመጫዋ ቁንጥንጥ አለች። የቀብሩ ዕለት፣ ሌላው ሲያለቅስ፣ አናጢውን አግባብታ ግማሽ ጆንያ ቀድማ አስወጥታለች። «ታዲያ የወሰደ ሰውስ?» አለች ወደ ሰማይ እያየች። አናጢው ራሱ ቤቷ ድረስ ሄዶ ጆንያውን በትከሻው መለሰው፤ እየተከተለች ስንት ጊዜ መንገድ እንደዘጋችበትና ምን እንዳለችው ለማንም አልተናገረም።

ፓኬት በበነጋታው መጣ። ጥቁር ክራቫት አስሮ፣ ሦስት ትንንሽ ከረጢት ይዞ። ለቅሶውን ደርሶ ነበር፣ አሁን ግን የመጣው ተጠርቶ ነው፤ ወሬው ገበያው ውስጥ ሲዞር ውሎ አድሯል። አናጢው ሸራው ሥር ካለው ጠረጴዛ በቀኝ በኩል ቆሞ ወንበሮቹን ገለል አደረገለት። የባለዘሩ ሚስት ከፓኬት ፊት ለፊት ቆመች።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ጋሼ በእውነት ከኔ ግዙ ብለዋል?»

«ብሏል።»

«በስሜ ጠርተው?»

«ባወጣልህ ስም።»

ፓኬት ክራቫቱን ነካ ነካ አደረገ። ሞኝ አይደለም። ያንን ሰው ሃያ ዓመት ሱቁ ውስጥ ተሸክሞታል፤ ምን እንደሚልና ምን እንደማይል ከሚስቱ ቀጥሎ የሚያውቀው እሱ ነው። ዓይኗን አየ፣ አናጢውን አየ፣ ከዚያ ጥያቄውን እዚያው ተወው።

«እንግዲህ እሳቸው ካሉ ይሁን» አለ። «መድኃኒት ያልነካውን ናሙና ነው ያመጣሁት። ይሄ ቢጫው ከሁሉም አብልጦ ይሰጣል።»

«ጫፉን ይሸፍናል?»

«እሱ እንኳ ክፍት ነው። ወፍ ይወደዋል።»

«ተወው። ይሄኛውስ?»

«ይሄ ነጩ ቁመቱ ረጅም ነው፣ ዱቄቱ ግሩም። ግን ይዘገያል።»

«የሚዘገይ አይሆንም ብለን የለ። ሦስተኛው?»

«ነጭ፣ አጭር፣ ቶሎ የሚደርስ። ነፋስ አይጥለውም። አፉም ዝግ ነው።» ትንሽ አሰበና ጨመረ፤ «የሚሰጠው ከቢጫው ያንሳል። አልዋሽዎትም።»

«ከማሳው መሃል መርጬ ባስቀር ለከርሞ ዘር ይሆነኛል? ወይስ እንደገና አንተ ጋ ነው የምመጣው?»

አናጢው ቀና ብሎ አያት። ጥያቄው የወንድሙ ነበር፤ ድምፁ ግን የእሷው ነው። እሷም ይህን የጠየቀችው ለሰፈሩ ብቻ አለመሆኑን ያወቀችው ስትጠይቅ ነው። ከርሞ የሚመርጥ ሰው ያስፈልጋል፣ ማሳውም የእሷ ነው።

«ቢጫው አይሆንም፤ ድቅል ስለሆነ ልጁ እንደ አባቱ አይወጣም» አለ ፓኬት። «ይሄኛው ይሆናል። ጥሩ አድርጎ የመረጠና ያደረቀ ሰው ካለ፣ ከኔ ጋር ተሰነባበተ ማለት ነው።»

«እንግዲያው ይሄ ይሁን። ልየው።»

ከረጢቱን ፈትቶ ዘረጋላት። በሁለት እጇ ዘገነች። ፍሬውን ወደ ብርሃኑ አዙራ አየች፤ ጠፍጣፋ፣ እኩል፣ ቀለሙ ያልደበዘዘ። እንደ ወትሮዋ ግማሹን በቀኝ እጇ አስቀረችና ግማሹን በግራ መዳፏ ላይ አድርጋ ወደ ግራ ጎኗ ዘረጋች፤ ዘር ሲታይ ባሏ ሁልጊዜ የሚቆመው በዚያ በኩል ነበር፣ ዓይኗን ከፍሬው ሳታነሣ ነው የምትሰጠው፣ እሱም ሳያመሰግን ነው የሚወስደው።

«እስቲ እየው» አለች።

እጇ ተዘርግቶ ቆየ። ማንም አልተቀበላትም። ያን ጊዜ ዞር ብላ ጎኗን አየች። እጇን ግን አልሰበሰበችም፤ ሊሰበሰብላትም አልቻለም። ከቀብሩ ዕለት ጀምሮ የት እንደነበረ ያልታወቀው እንባ መጣና ሹራቧ ላይ ወረደ። ፓኬት አጎንብሶ የተፈታውን ከረጢት አፍ ደጋግሞ ማሰር ጀመረ።

አናጢው ጠረጴዛውን ዞሮ መጣ። በግራዋ ቆመና የሁለት እጁን መዳፍ ከእጇ ሥር አጣምሮ ያዘ፤ እሷም ፍሬውን አፈሰሰችለት። ምን እንደሚታይበት አያውቅም። እስክትነግረው ድረስ ይዞት ቆመ።